በጓሮ በር የገባ ስም

እማማ ድንቅነሽ ፊደል አይቁጠሩ እንጂ ዓይን አላቸው። ይህን የጌጃ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወሬው ያልደረሰው የእድሩ ጸሐፊ አቶ በሱፍቃድ ብቻ ነው። ሰንጋ ተራ ካለ ትልቅ ፎቅ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ፈታሽ ሆነው የሰው ቦርሳ ሲበረብሩ የኖሩትን ሴት፣ ያን ቀን እድር ቤት ውስጥ፣ በተሰለፈው ሰው ፊት፣ «እማማ፣ ገጹ ምንም የለበትም፤ ችግሩ እርስዎ ጋ ነው» አላቸው።

«እኔ ጋ ያለው ምላስ ነው» አሉት። «እሱን ደግሞ ገና አላየኸውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እድሩ መዝገቡን ወደ ኢንተርኔት አዛውሮ፣ አባል ሁሉ የቤተሰቡን ስም በስልኩ እንዲያስገባ አዟል። ቀኑ ዛሬ ያበቃል። ከዛሬ በኋላ ስሙ ገጹ ላይ ያልሰፈረ ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም። እማማ ድንቅነሽ የሚያስመዘግቧት አንዲት ሰው አለቻቸው፤ ፀሐይቱ፣ ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረች ደባላቸው። ዘመድ የላትም። ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሙም ደህና ነገር አልተናገረም። እሷ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ድንቄ፣ ስሜን አስገባሽው?»

እማማ ድንቅነሽ መጻፍ ስለማይችሉ የስልኩን ማይክሮፎን ተጭነው በአፋቸው ይናገራሉ፤ ስልኩ ይጽፍላቸዋል። ስሙ ሳጥኑ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከሥር ያለው የመመዝገቢያ ቁልፍ ግን አረንጓዴ መሆን ሲገባው አመድ መስሎ ይቀራል፤ ቢጫኑት አይሰማ። ሦስቴ ሞከሩ፣ ሦስቴ እምቢ አለ።

«አምጡ፣ እኔ ልጻፍልዎ» አለ በሱፍቃድ እጁን ዘርግቶ።

«አንተ? ለዘነበ ጻፍክለትና ሚስቱን እናቱ አድርገህ ሰደድከው። ፀሐይቱን በገዛ አፌ አስገባታለሁ። ካልሆነ ገጹን የሠራው ሰው ይምጣ።»

ሰልፉ ሳቀ። በሱፍቃድ አልሳቀም፤ ግን ደወለ።

ገጹን የሠራችው መርሃዊት ናት፤ የሰፈሩ ልጅ፣ ሰንጋ ተራ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም የምትጽፍ፣ ይህንንም ለእድሩ በነጻ የሠራች። ላፕቶፗን አቅፋ ስትገባ እማማ ድንቅነሽ ከእግር እስከ ራሷ በዓይናቸው በረበሯት። ነፋስ የሚወስዳት ቀጭን ልጅ ናት። ይቺ ደግሞ ልታስተምረኝ ነው የመጣችው ብለው ምላሳቸውን አዘጋጁ።

መርሃዊት ግን ምንም አላስተማረችም። አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ ቅድም ያደረጉትን እንዳለ ያሳዩኝ» አለች።

አሳዩዋት። ስሙ ገባ፤ ቁልፉ አመድ እንደመሰለ ቀረ።

«እኛ ስንሞክረው ሁላችንም በጣት ነበር የጻፍነው» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል።

«ቆይ፣ ይሄ ቁልፍ ስም መግባቱን በምን ያውቃል?» አሉ እማማ ድንቅነሽ።

«ጣት ፊደል በነካ ቁጥር ይሰማል። ያኔ ሄዶ ሳጥኑን ያያል።»

«ካልነካስ?»

«አያይም።»

እማማ ድንቅነሽ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «እኔ የምቆመው ዋናው በር ላይ ነበር። አንድ ቀን አለቃችን ማን ገባ ሲለኝ ማንም አልገባም አልኩት፤ እውነቴን ነው። ለካ በጓሮ በኩል አሥር ሰው በመኪና ገብቶ ሦስተኛ ፎቅ ሻይ ይጠጣል። ያንቺም ፈታሽ አልዋሸም፤ የቆመበት ቦታ ነው ጥፋቱ። በሩን ተዪና ግቢውን አስጠብቂው።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የኮምፒዩተር ነገር ነው» ብሎ በሱፍቃድ ጣልቃ ገባ።

«ትክክል ናቸው» አለችው መርሃዊት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጣት ፊደል መንካቱን ሳይሆን ሳጥኑ ራሱ መለወጡን ነበር መከታተል የነበረብኝ።»

የተማረ ሰው በሰው ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል እማማ ድንቅነሽ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ በፊት የሰሙት አንዴ ነው፤ ያም ሰው ሰክሮ ነበር።

የልጅቷ ጣቶች ላፕቶፑ ላይ ይሮጡ ጀመር። እማማ ድንቅነሽ አንዲት ፊደል ሳትገባቸው ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው፤ ሥራ የሚያውቅ እጅን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። አንድ መስመር አጠፋች፣ በቦታው አንድ መስመር ጻፈች፤ ያ ብቻ። ግን በዚያ አልረካችም። በጣት ጻፈች፤ ቁልፉ አረንጓዴ ሆነ። ከሌላ ቦታ የቀዳችውን ስም ለጠፈች፤ ሆነ። ስልኩን ለእሳቸው ሰጠች። «ፀሐይቱ» አሉ፤ አፋቸውን ሳይዘጉ ቁልፉ በራ።

«አሁን ያጥፉት» አለች።

አጠፉት። ቁልፉ ተመልሶ አመድ ሆነ።

«ምን ነካው?»

«ስሙ መውጣቱንም አይቶ ነው፣ እማማ። ሳጥኑ መጀመሪያ ባዶ ነበር፤ አሁንም ባዶ ነው።»

«የገባውን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የወጣውንም ይይዛል?»

«ይይዛል።»

እማማ ድንቅነሽ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንቱ ገብቶ ስንቱ እንደወጣ በጭንቅላታቸው ይዘው ሲቆሙ፣ ቤት ሲገቡ ራሳቸውን ይፈልጣቸው ነበር። ይቺ ልጅ የማያዛጋ፣ እግሩን የማያመው ፈታሽ በአንድ መስመር ቀጠረች። «የወለደችሽ ትባረክ» አሉ፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ከአፋቸው ያገኘ ሰው የለም። ከዚያ የፀሐይቱን ስም ዳግም ተናገሩ፤ ቁልፉን በገዛ አውራ ጣታቸው ተጫኑ። ተመዘገበች።

መርሃዊት ላፕቶፗን ልትዘጋ ስትል ወደ በሱፍቃድ ዞረች። «በድምፅ የሞከረ ሌላ ሰው ነበር?»

በሱፍቃድ አንገቱን አከከ። «አቶ ባፈና፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የዱሬሳ እናትም። ስልካችሁ አሮጌ ነው ብዬ ወደ ቤት መለስኳቸው።»

ለመሄድ ተነስተው የነበሩት እማማ ድንቅነሽ ዞረው ተቀመጡ። የተቀመጡት የጸሐፊው ወንበር ላይ ነው።

«ስልካቸው ደህና ነበር» አሉት። «ሂድና ያልሰማኋችሁ እኔ ነኝ በላቸው፤ ልክ እንደ ልጅቷ፣ በሰው ፊት። በስልክ አይደለም፤ በየቤታቸው ሄደህ፣ ደግፈህ ይዘሃቸው ና። ቀኑ ሳይመሽ ፍጠን፤ እነሱ ሳይመዘገቡ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»