ቅጠሉ ሳይበሳ

አምሐ ሐረጉን ከእርሻ ኮሌጁ ግቢ ቆርጦ ሲያመጣው ሦስት ቅጠል ብቻ ነበረው፤ ሦስቱም ድፍን፣ የልብ ቅርጽ ያላቸው። በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ በረንዳው ላይ አስቀመጠውና የተማረውን ሁሉ በእናቱ በወይዘሮ አገርነሽ ላይ ያራግፈው ጀመር።

«አገሩ ባሕር ማዶ ነው፤ ዝናብ የማያባራበት፣ ፀሐይ መሬት የማይነካበት ጫካ። ልጅ ሳለ ብርሃን አይፈልግም፤ ጨለማ ወደ በረታበት ይሳባል። ጨለማው ትልቅ ዛፍ ነዋ! ግንዱን ካገኘ በሥሩ እየተጣበቀ ይወጣል። ያን ጊዜ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ዳርና ዳሩ ይተረተራል፣ መሐሉም ይበሳል።»

«ምን በልቶት?»

«ምንም። ከሥር ላለው ቅጠል ብርሃን ለማሳለፍ ነው ይላሉ።»

ይህን ወደዱት። «እናት ነው እንግዲህ» አሉ።

አምሐ ትምህርቱን በጨረሰ በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። አባቱ ቀደም ብሎ ስለ ሞተ ከእናቱ በቀር የሚሸኘው አልነበረም። በሩ ላይ ስሟቸው፣ «እማዬ፣ አታልቅሺ። ቅጠሉ ሳይበሳ እመጣለሁ» አላቸው።

የአገልግሎቱ ጊዜ አለቀ፤ አምሐ አልመጣም። ከኤርትራ በኩል አንድ ሰው ሰላምታውን አድርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።

ወይዘሮ አገርነሽ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈጁ፣ በዋዛ የማይታለሉ ሴት ናቸው። ሐረጉ ከበረንዳው ወርዶ ግቢው ውስጥ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ጥላ መሳብ ሲጀምር ግን ራሳቸውን ማታለያ ዘዴ አገኙ። ዛፍ ካልያዘ አይበሳም፤ ካልተበሳ ልጁ አልዘገየም። ጫፉን እየጎተቱ ይመልሱታል፤ እሱ ደግሞ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ ድፍን ቅጠል ብቻ ያወጣል።

ከሪማ፣ ባሏ ከጣና ዓሣ የሚያጠምደው ጎረቤታቸው፣ አላስችል ብሏት ጠየቀች። «እትዬ፣ ምነው ዛፉን ከለከሉት? ያሳዝናል እኮ!»

«ተይው፣ ይባልጋል።»

የልጃቸውን ቃል ሆድ ይፍጀው ብለው ለማንም አልተነፈሱም። ከሐይቁ ነፋስ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። ናፍቆት ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። ያንን ሁሉ ብቻቸውን መሸከማቸው ደግሞ ከናፍቆቱ ባሰ።

በክረምት መግቢያ አንበሳሜ ያለች እህታቸው ጠናባት የሚል መልእክት መጣ። ውኃ እንድታጠጣላቸው ቆርቆሮውን ለከሪማ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ እህታቸውንም ሲያስታምሙ ከረሙ።

ጥቅምት ላይ ሲመለሱ ከሪማ ከበሩ ላይ ጠብቃ እጃቸውን ያዘች። «እትዬ፣ ይምጡ፣ ጉድ ይዩ!»

ሐረጉ ማንጎው ላይ ወጥቷል። ከላይ ያሉት ቅጠሎች ሰፌድ ያክላሉ፤ ዳራቸው ተተርትሯል፣ መሐላቸው ተበስቷል። ፀሐይዋ በቀዳዳው አልፋ ግንዱ ሥር ጠብ ጠብ ብላለች።

«ወላሂ አላስቻለኝም፤ በገመድ አስሬ ግንዱ ላይ አስደገፍሁት። እንደ ወንፊት ሆነልዎት! ደስ አላለዎትም?»

ወይዘሮ አገርነሽ ጣታቸውን በአንዱ ቀዳዳ አሾለኩ። ከሪማ ምን ታውቃለች? በምን ይቆጧታል?

«ደግ አደረግሽ» አሏት።

ከዚያ ነጠላቸውን አወለቁ። ጥለቱ ወደ አንገታቸው እንዲመጣ አዘቅዝቀው፣ እንደ ሐዘንተኛ መልሰው ለበሱትና ከማንጎው ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ከሪማ ደነገጠች። «ውይ፣ እትዬ! እህትዎ ዐረፉ እንዴ?»

«እህቴስ ድናለች» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።