የሊጡ ሳህን ድምፅ

«ክዳኑ ሳይገጠም አንቺ ተናገሪ። ካልሆነ እኔ እናገራለሁ» አላት ቱሮዋ ራዊኒያን፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። በትንሿ ሩዋቶሪያ ከተማ፣ በጎሳው አዳራሽ ሴቶቹ በክፍቱ ሬሳ ሣጥን ዙሪያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ራዊኒያ ግን ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋለች። የተኛችው ያሳደገቻት አክስቷ ማካሬታ ናት፤ ቱሮዋ ደግሞ የማካሬታ ልጅ። ለምን እንደማትቀርብ ሹክሹክታው ብዙ ነው። ትልቁ ከተማ ኦክላንድ ተምራ ኮርታለች የምትል አለች፤ እንባ የላትም የምትልም አለች። ቱሮዋ አፉን ከከፈተ ግን እዚህ ደጃፍ ዳግመኛ አትደርስም።

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት በማካሬታ ወጥ ቤት ነው። ራዊኒያ ሰዎች ለእንቅልፍ የሚያዳምጡትን፣ ለስለስ ያለ የዕቃ ድምፅ የሚቀዳበትን የኤኤስኤምአር ቪዲዮ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። የብሩሽና የሹክሹክታ ድምፅ ማንም ይሠራል። የእሷ ተከታዮች የሚመጡት ላልጠበቁት ዕቃ ነው፦ ቃጫ ለሚፍቅ ዛጎል፣ ለበግ መሸለቻ መቀስ፣ ለዝናብ ልብስ ዚፕ። የዚያን ቀን የአክስቷን የአጥንት ማበጠሪያ በሊጡ ሳህን ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ ጎተተችው። በጎሳው ሥርዓት ራስ የነካ ነገር የምግብ ዕቃ አይነካም፤ ይህን ዳዴ የሚል ልጅ ሳይቀር ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ሲሆን ግን ከድምፁ ሌላ ምንም አይታያትም።

ከሳምንት በኋላ ማካሬታ ቪዲዮውን አግኝታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልጮኸችም። «በአገሩ ሌላ ዕቃ ጠፋ?» ብቻ አለች። ከዚያ ሃያ ዓመት ለሠርጉም ለለቅሶውም ዳቦ ያቦካችበትን ሳህን አውጥታ የውሻ ውሃ ማጠጫ አደረገችው። ቪዲዮውን አጥፊው ስትላት ራዊኒያ ስንት መቶ ሺህ ሰው እንዳየው ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ከጠባቸው በአሥረኛው ቀን የማካሬታ ልብ ቆመ።

ልቧን ለዓመታት ያማት ነበር። ማበጠሪያ ሰው አይገድልም፤ ራዊኒያ ይህንኑ ለቱሮዋ ነግራዋለች።

«ገደልሻት አላልኩም፤ አሳፈርሻት ነው ያልኩት» አላት።



አሁን የጎሳው ሽማግሌ የስንብት ንግግራቸውን ጨርሰው ተቀመጡ። ሁለት ሰዎች የሣጥኑን ክዳን ሊገጥሙ አነሱ። ቱሮዋ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ራዊኒያ ቀድማው ተነሳች። እዚህ ሙት በቀጥታ ይነገረዋል፣ ይወቀሳል፣ ይቀለድበታልም። ስለዚህ ፊቷን ወደ ሣጥኑ እንጂ ወደ ሕዝቡ አላዞረችም።

«አክስቴ፣ ማበጠሪያሽን ሳህንሽ ላይ የጎተትኩት እኔ ነኝ። አጥፊው ስትይኝ እምቢ አልኩሽ። ያጠፋሁት ትናንት ነው፤ ማየት እንደማትችዪ እያወቅኩ።»

ቱሮዋ ወለል ወለሉን አየ።

ከሣጥኑ ራስጌ የተቀመጡት የማካሬታ ታላቅ እህት፣ እማማ ኤራና፣ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። የታመሙ ጉልበቶቻቸውን አንድ በአንድ በእጃቸው አንስተው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ፍራሹ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።

ክዳኑን የያዙት ሰዎች ቆመው ጠበቁ።