የጋሼ ተስፋሚካኤል ይሉኝታ

ጋሼ ተስፋሚካኤል የፍርድ ቤት ወረቀት ይዘው፣ በስደት በምንኖርበት ሰንሻይን ሰፈር፣ በሕግ ጉዳይ ሰው ስለምረዳ ቤቴ መጡ። የድሮ የክሬዲት ካርድ ዕዳቸውን ከባንኩ ገዝቶ የሚሰበስብ ድርጅት ከሷቸዋል።

«አይዞዎት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ካልከፈሉ ዕዳው በይርጋ ይቀራል» ብዬ ለክሱ መልስ መጻፍ ጀመርኩ።

«ምንም አልከፈልኩም» አሉ። «አምና ከሰጠኋት ሃያ ዶላር በቀር» ብለው ጨመሩ።

እስክሪብቶዬን ወረወርኩት። «ለማን?»

«ከድርጅቱ ለምትደውለው ልጅ። ጤናዬን ጠይቃኝ እንዴት ባዶ እጇን ልመልሳት?»

ቀኑን ቆጠርኩ። ስድስት ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው የከፈሉት። ሊያሳብዱኝ ነው!

«ጋሼ፣ በዚያች ሃያ ዶላር እኮ ስድስቱ ዓመት እንደገና ከአንድ መቆጠር ጀመረ! ምን ብዬ ልከራከርልዎት?»

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ወረቀቱን ሳነሳ ከሥሩ ሃያ ዶላር አስቀምጠውልኛል።