የአያ የሻው ፊርማ

እኔ ላቀው ግልፍተኛ ነኝ፤ ይኼን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ያጠፋሁት ጥፋት ግን ከቁጣ አልመጣም፤ ከስንፍና ነው የመጣው። ልንገራችሁ።

ደጋ ላይ ባለች አንዲት ወረዳ የመሬት ባለሙያ ነኝ። የገበሬው ማሳ ሁሉ በኢንተርኔት በሚከፈት ካርታ ላይ ተቀምጧል። በየካቲት ካርታው አፕዴት ተደረገ። አዲስ የሳተላይት ፎቶ ገባበትና ሲስተሙ ራሱ ወሰን እያሰመረ ያመጣልን ጀመር። የኛ ሥራ እያንዳንዱን መስመር ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ "ተቀበል" ማለት ነው። ከታች ደግሞ "ሁሉንም ተቀበል" የሚል ቁልፍ አለ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ቤቴ ጎንደር ቀሐ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው፤ የቀረኝ ደግሞ አራት መቶ ማሳ። ተጫንኩት። ማን ያየኛል ብዬ!

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ታየች መጡ። ባላቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ማሳ ናት፤ እሷንም ጎረቤታቸው አያ የሻው የእኩል ያርሱላቸዋል። አዲሱን ባለካርታ የመሬት ደብተር ሊወስዱ ነው የመጡት። ስማቸውን አስገባሁ፤ የለም። ደግሜ አስገባሁ፤ የለም።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?" አሉኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አያ የሻው ሁለቱን ማሳ ሲያርሱ በሬዎቹን መሀል ላይ ላለማዞር ወሰኑን አልፈው ነው የሚሄዱት። ጫፍና ጫፍ ላይ የወሰን ድንጋይ ስላለ ሰፈሩ ድንበሩን አይስተውም። ከሰማይ ላየው ግን አንድ እርሻ ነው። ሲስተሙ አንድ አደረገው፤ ተቀበል ያልኩት እኔ። የሴትዮዋ መሬት በአያ የሻው ስም ገብቷል። እግዚኦ!

"ይስተካከላል" አልኳቸው።

"እንደው አደራህን፤ ሌላ የለኝም" አሉኝና አሮጌውን ደብተር በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

የሚስተካከልበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ የስሕተት ማረሚያ ነው፤ የተሳሳተው ባለሙያ ስሙን ጽፎ፣ ያደረገውን አስረድቶ ለበላይ ይልካል። ሌላው የስጦታ ቅጽ ነው። አያ የሻው "መሬቴን ሰጥቻለሁ" ብለው ቢፈርሙ ባምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የደረጃ ዕድገቴ ደግሞ በሰኔ ነው። የቱን እንደመረጥኩ መገመት አያቅታችሁም።

ሰኞ ሁለቱንም ጠራኋቸው። እውነት ለመናገር አያ የሻውን ጠርጥሬያቸው ነበር። መሬት እንዲሁ እጁ የገባለት ሰው ዝም ብሎ ይመልሳል? ቅጹን አነበብኩላቸውና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"አልፈርምም።"

ወይዘሮ ታየች ቀና ብለው አዩዋቸው። እኔማ ደሜ ፈላ። "የባልቴቷን መሬት ሊበሉ ነው?" ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴን ሰምታ አለቃችን ጽጌሬዳ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አለች።

አያ የሻው አልተቆጡም። "መሬቱ የታየች ነው ልጄ። ድንጋዩን የተከልነው እኔና ሟቹ ነን። ሰጠኋት ብዬ ከፈረምኩ የኔ ነበር ማለት ነው። እኔ ስሞት ልጆቼ ይኼን ወረቀት አግኝተው 'አባታችን ሰጥቷት ነው' ይላሉ፤ ውለታ ይቆጥሩባታል። ያልነበረኝን አልሰጥም። በኔ ስም የጻፈው ሰው ይፈርም እንጂ።"

ጽጌሬዳ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበች።

"ማነው የጻፈው ላቀው?" አለችኝ ጽጌሬዳ።

እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ሽማግሌውን ሌባ ባልኩበት አፌ "እኔ ነኝ" አልኩ። ወንበሬን ስቤ የስሕተት ማረሚያውን ከፈትኩና ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ሳላይ ሁሉንም መቀበሌንም ጻፍኩ። አያ የሻው እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ፤ ከዚያ ወይዘሮ ታየችን "በይ እንሂድ፣ መሸብን" አሏቸው።

ደብተሩ ባሥር ቀን ደረሰላቸው። የኔ ዕድገት ቀረ። ጽጌሬዳም አራት መቶውን ማሳ አንድ ባንድ በእግሬ ዞሬ እንዳይ አዘዘችኝ።

በግንቦት እነሱ ማሳ ላይ ደረስኩ። አያ የሻው እያረሱ ነው። ወሰኑ ጋ ሲደርሱ በሬዎቹን አዞሩ። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ አንድ ክንድ የሚሰፋ መሬት ሳይታረስ ቀርቷል።

"አያ የሻው፣ ይኼን ምነው ተዉት? ሰፈሩ እንደሆነ ድንበሩን ያውቀዋል።"

"ሰፈሩማ ያውቀዋል" አሉኝ። "ይኼ ላንተ ነው፤ ደግመህ እንዳትሳሳት።"