በሰው ስፌት ላይ የተሰፋ ስም

ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር፣ ዘመናትንም በእጁ የያዘ አምላክ የሚያውቀውን ነገር ሰው ቢሸፍነው እስከ ጊዜው ነው። ሰብስቤ ይህን ከልጅነቱ ሲማር አድጎ፣ በጎልማሳነቱ ዘነጋው።

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር የቆዳ ቦርሳ የሚሰፋበት አነስተኛ ድርጅት ነበረው። ምኞቱ ሥራውን ባሕር ማሻገር ነበር፤ መንገዱን የሚያውቀው ግን በአቅራቢያው ያለው የውጭ ሰዎች የቦርሳ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ላከ። የሰፈሩ አባት አቶ ገሜዳ ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱና ስለ ሰብስቤ ታማኝነት ቃላቸውን ሰጡ። አማርኛ የለመደው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ «የምድራት ልጅ የለኝም» ብሎ ቢቀልድም፣ ነገሩ ሲገባው ደስ አለው። ከውጭ የሚመጣውን ገዢውን ወደ ሰብስቤ፣ ቀጥሎም ቦርሳ ወደምትሰፋው ጎረቤቱ ወደ ሌሊሴ ድርጅት ሊያመጣው ተስማማ።

ቀኑ ሲቃረብ ሰብስቤ በገዛ ሥራው አፈረ። ከፋብሪካው ሱቅ ቦርሳ ገዝቶ፣ ምልክቱን ፈትቶ የራሱን ስም ሰፋበት፤ የሠራተኞቹን ሥራ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት።

ገዢው ቦርሳውን አገላብጦ አየ። ከዚያም ይህን ቅርጽ እርሱ ራሱ ሥሎ ለፋብሪካው እንደ ሰጠ በአስተርጓሚ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቤን ትቶ አብረው የመጡትን አቶ ገሜዳን ተመለከተ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሰብስቤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ገዢውም የሌሊሴን ደጅ ሳይረግጥ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አመሻሹ ላይ ሰብስቤ ወደ ሌሊሴ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ይቅርታም ለመናት። እርስዋ ለእንግዳው የደረደረቻቸውን ቦርሳዎች ማንሳት ጀመረች።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ይቅርታው ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ለእኔ የነገሩኝን ሄደው ለፋብሪካው ሰዎች ይንገሩ» አለችው።

«በምን ፊቴ?»

«ባለዎት ፊት። ብቻ የሌላ ሰው ፊት እንዳይለጥፉበት።»

በማግሥቱ ሽማግሌ አልላከም። በፋብሪካው በር ቆሞ ሥራ አስኪያጁን ጠበቀውና ጥፋቱ የራሱ ብቻ መሆኑን፣ አቶ ገሜዳ አንዳች እንዳላወቁ፣ የሌሊሴ ሥራ ግን የገዛ እጅዋ መሆኑን ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እጁን አልጨበጠውም፤ ሆኖም ገዢው ገና አገር ውስጥ ነበርና የሌሊሴን ቤት አሳየን አለው። ሰብስቤ እየመራ ወሰዳቸው። እነርሱ ሲገቡ እርሱን የጋበዘው አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ከደጅ ቀረ። ከዚያም መጋዘኑን ከፍቶ፣ የቆለፈባቸውን ሥራ ለሠራተኞቹ ሊመልስና ምክንያቱን ሊነግራቸው ሄደ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከእጃችሁ ፍሬ ያጥግብ፤ ልጆቻችሁንም አንገት ከሚያስደፋ ሥራ ይሰውር። አሜን።