የሦስት መቀርቀሪያ በር

ጎሕ ሲቀድ ፍሬሕይወት ነጠላዋን አጣፍታ ከቤቷ ወጣች። በቁልቋሉ አጥር ሥር ያለችውን ጠባብ መንገድ ይዛ ወደ በሩ ወረደች። አባ አያሌው ቀድመዋት ደርሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከድንጋይ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አቦይ ሃይለ በዱላቸው ድንጋዩን እያንኳኩ ከኋላዋ መጡ። እንዴት አደራችሁ ተባባሉ። አባ አያሌው ሳሉ። ያ ሳል ጀምሪ ማለት ነው። ፍሬሕይወት የላይኛውን መቀርቀሪያ ስባ አወጣች፤ አቦይ ሃይለ የመካከለኛውን፣ አባ አያሌው የታችኛውን። በሩ ተከፈተ። ፍየሎቹ ተጋፍተው ወጡ፤ ተማሪዎቹም ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ መርሳ ቁልቁል ወረዱ።

በዝግ አምባ በየዕለቱ የሚነጋው እንዲህ ነው።

አምባው ከመርሳ በላይ፣ ወደ ውርጌሳ በሚያሳየው ወገን ነው። ዙሪያው ገደል ነው፤ ዝንጀሮ እንኳ አስቦበት ነው የሚወጣው። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ቋጥኞች ሊገጥሙ ጥቂት ቀርቷቸው የቆሙበት ስንጥቅ። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ከግንድ የተጠረበ በር አለ። በሩ ሦስት መቀርቀሪያ አለው፤ የታችኛው ጽድ፣ የመካከለኛው ወይራ፣ የላይኛው ዋንዛ። ጽዱ የአባ አያሌው ቤት ነው፣ ወይራው የአቦይ ሃይለ፣ ዋንዛው የአስፋው። አምባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ በደም ወይም በጋብቻ ከነዚህ ሦስት ቤቶች ከአንዱ ይመዘዛል።

ሕጉ አጭር ነው። መዝጋት የማንም ነው፤ መክፈት የባለቤቱ ነው። የሌላውን ቤት መቀርቀሪያ መሳብ የሰውን መሶብ ከፍቶ እንደ መብላት ይቆጠራል። መቀርቀሪያ ያለው ቤት በምንጩ ውሃ፣ በአውድማው፣ በዳኝነቱ ቃል አለው። የሌለው እንግዳ ነው። እንግዳ ይከበራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ምን ትላለህ ተብሎ ግን አይጠየቅም።

አስፋው ካረፈ ወዲህ ዋንዛውን የምትስበው ሚስቱ ፍሬሕይወት ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ተምራ መርሳ የምታስተምር ሴት ናት፤ ወደ አምባው የወጣችው አስፋውን ብላ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት፣ በሩ ቀኑንም ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ፣ አስፋው ታመመ፤ መድኃኒት የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። ከዚህ በላይ እሷም አትናገርም፣ ሰውም አይጠይቃትም። በተቀበረ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ወደ በሩ ወርዳ ዋንዛውን ሳበች። ሽማግሌዎቹ አልከለከሏትም፤ አልመረቋትምም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አስፋው መቀርቀሪያውን ከመሳቡ በፊት ወደ ሁለቱ ዞሮ "ነጋ ወይ?" ይል ነበር፤ እነሱም "ነግቷል" ይሉታል። የዋንዛው ቤት ወደ አምባው መጨረሻ ስለ መጣ መጀመሪያ ይጠይቃል። ፍሬሕይወት ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። አባ አያሌው የሚያስሉት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ፍየሎቹ ከወጡ በኋላ አባ አያሌው ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

"ፍሬ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አሉ። "ነገ የልጅሽ የህሊና ሠርግ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሐራ ትልቅ ትልቅ ሰው ይመጣል። በዘወትሩ ማን ከለከለሽ? ሠርግ ግን የአገር ዓይን ነው። ዝግ አምባ ወንድ ጠፍቶበት በሩን ሴት ከፈተችልን እንዳይሉን።"

"ታዲያ ማን ይሳበው፣ አባ?"

"የአስፋው ወንድም ዘውዱ አለ አይደል? ወልድያ ልከንበታል፤ ዛሬ ማታ ይገባል። እሱ በሌለበት ቀን የአጎቱ ልጆች ይስቡለታል።"

አቦይ ሃይለ የዱላቸውን ጫፍ እያዩ ነበር። "እኔ እንኳ ነገሩ አልተዋጠልኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ግን ብቻዬን ነኝ።"

ፍሬሕይወት ወጉን ታውቀዋለች። በሠርግ ቀን የሳበ እጅ ከዚያ ወዲያ የመቀርቀሪያው ጌታ ነው። ዘውዱ ደግ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ወልድያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ወደ አምባው የሚወጣው ለፋሲካ ነው። ነገ ዋንዛውን ከሳበ ግን፣ ህሊና ሐራ ትገባለች፣ ፍሬሕይወት ደግሞ አስፋው በሠራው ቤት ውስጥ እንግዳ ትሆናለች።

"እሺ" አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ወጣች።

በማግስቱ አምባው ከጠዋት ጀምሮ ይፈላ ነበር፤ በሠርግ ዋዜማ በሩ ስለማይዘጋ ሌሊቱንም ክፍት አድሯል። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፈነ፤ ከየቤቱ የተዋሱት ድስትና ሰፌድ የማን እንደሆነ እስኪጠፋ ተደባለቀ። ህሊና በጓደኞቿ መሐል ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን የሚሠሯት ሳቅ ባስቸገራት ቁጥር ጭንቅላቷን ያቀኑላታል። ፍሬሕይወት ወደ በሩ ላለማየት ፊቷን ወደ ምድጃው አድርጋ ትሠራ ነበር። ዘውዱ በአዲስ ሱፍና በሚያንሸራትት ጫማ ወርዶ በወንድሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሠርግ ወግ ባለ መቀርቀሪያዎቹ ከውስጥ ተቀምጠው እንዲጠብቁ ነው። ሠርገኛው ሲቃረብ ሴቶቹ በሩን ይዘጋሉ፤ ሠርገኛው ከውጭ ይዘፍናል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ከየት እንደ መጣ ተናግሮ መቀርቀሪያውን ይስባል። ልጅ የሚወስድ ሰው ከማን እንደሚወስድ ሰምቶ ይግባ ነው ነገሩ።

ወደ ረፋዱ ላይ ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። መኪና የሚደርሰው እስከ ምንጩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጡሩምባው ዝም ሲል ማሲንቆ ተከተለ፤ አምባሰል ነበር የሚጫወተው። አባ አያሌው በጉብዝናቸው ዘመን ከሐራ እስከ ውርጌሳ በእስክስታ የሚደርስባቸው አልነበረም። ትንሽ ተቁነጠነጡ። ጋቢያቸውን አነሡ።

"እስከ መታጠፊያዋ ብቻ ሄጄ ስንት እንደሆኑ ልይ" ብለው ወጡ።

አልተመለሱም። አቦይ ሃይለ "ይህን ሰውዬ ልመልስ" ብለው ተከተሏቸው። እሳቸውም አልተመለሱም። ዘውዱ በሩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ "ሽማግሌዎቹን ላምጣ" ብሎ እየተንሸራተተ ወረደ። የቀረው የአምባው ወንድ ሁሉ ከነጋ ጀምሮ እንግዳ ሊቀበል ወርዷል። ከምንጩ ዳር ሠርገኛው ጠጁን በጀሪካን ይዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመለሰ የሚያውቅ የለም። የአባ አያሌው ሚስት እማማ ትርንጎ ከዳሱ ሆነው አቧራውን አዩና "ደረሱ፣ ዝጉ" አሉ። ልጃገረዶቹ እየተሯሯጡ በሩን ገጥመው ሦስቱንም መቀርቀሪያ ሰደዱ። እልልታው ቀለጠ። ከውጭ ዘፈኑ ደረሰ፤ ክፈቱልን፣ አስገቡን እያለ። ከድምፁ ሁሉ አንዱ ጎልቶ ወጣ።

እማማ ትርንጎ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። "ይህ ድምፅ የማን ነው?"

"የአባ አያሌው ነው" አለች የአቦይ ሃይለ ምራት ሰገን።

"ባሌ ከውጭ ሆኖ ማንን ነው ክፈቱልኝ የሚለው?"

ከውጭ ዘፈኑ ቀስ በቀስ ሳሳ። ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ሄደና እሱም ቆመ።

"አያሌው" አሉ አቦይ ሃይለ፣ "አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"አንተስ?"

"እኔማ አንተን ልመልስ ነው የወጣሁት።"

"ዘውዱስ?"

"እኔ እናንተን ልጠራ" አለ ዘውዱ።

በመጀመሪያ የሳቁት የሙሽራው አባት አቶ ሞገስ ናቸው። ከዚያ ከሐራ የመጣው ሁሉ ተከተለ። ሲበርድላቸው አባ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ትርንጎ።"

"አቤት።"

"እስቲ መቀርቀሪያዋን ሳብ አድርጊያት።"

"እኔ? ሴት አይደለሁም እንዴ? ሠርግ የአገር ዓይን ነው ሲባል ሰምቻለሁ።"

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ደግሞስ" አሉ እማማ ትርንጎ፣ "የላይኛው ሳይወጣ የታችኛው መቼ ይነቃነቃል? ዋንዛው ነው ቀዳሚው።"

 ከውጭ "ፍሬሕይወትን ጥሩልኝ" የሚል ድምፅ መጣ፤ እንደ ቅድሙ ጉልበት አልነበረውም።

ፍሬሕይወት እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች መጣች። "አቤት፣ አባ።"

"ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ ዋንዛውን ሳቢልን። ነገ በሥርዓቱ እናደርገዋለን።"

"ለዘውዱ ሰጥታችሁታል እኮ።"

"ዘውዱ ውጭ ነው ያለው።"

"ዋንዛው ደግሞ ውስጥ ነው ያለው" አለች።

ከጉባ ላፍቶ በኩል ጥቁር ደመና እየተጠጋ ነበር። ሙሽራው ያሬድ ከኋላ ሆኖ "እማማ፣ እኔ እዚሁ በሩ ሥር አድራለሁ፤ ግን አባቴን ጉልበቱን ያመዋል" አለ። ህሊና ከዳሱ ሰምታ ሳቀች፤ ሚዜዎቿ ሙሽራ እንዲህ አይስቅም ብለው ተቆጧት።

ፍሬሕይወት መዳፏን በዋንዛው ላይ አሳረፈች። እንጨቱ አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ የእጅ ቦታ ነው።  ድምጿ ለተማሪ ትምህርት እንደምታስረዳበት ዓይነት ነበር።

"ለዛሬ ብቻ ከሆነ አልነካውም። የሰው መቀርቀሪያ ነክቼ አላውቅም። የቤቴ ከሆነ ግን አሁኑኑ እስበዋለሁ። የማን እንደሆነ ንገሩኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።"

መጀመሪያ የተናገሩት አቦይ ሃይለ ናቸው። "የፍሬሕይወት ነው። ትናንት ብቻዬን ነበርኩ፤ ዛሬ ሐራ በሙሉ ከኔ ጋር ቆሟል።"

"እትዬ" አለ ዘውዱ፣ "እኔ እኮ ዋንዛው ወደ ግራ ይሳብ ወደ ቀኝ አላውቅም። ያንቺ ነው። ይልቅ በጫማዬ ጉድ ሆኛለሁ።"

አባ አያሌው ሰማዩን አዩ። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ወርዶ የማሲንቆውን ቆዳ መታው፣ ድም አለ።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ጽዱም ተናገረ። ያንቺ ነው፤ በዘወትርም፣ በሠርግም። አሁን ክፈቺ፣ ሰው ሊበሰብስ ነው።"

"ወጉስ፣ አባ? ወጉ ሳይነገር መቀርቀሪያ ይወጣል እንዴ?"

"ኧረ ንገሪው" አሉ አቶ ሞገስ። "ረጥበን እንሰማለን።"

የዋንዛውን ቤት ወግ አስፋው ሲናገረው ደጋግማ ሰምታለች። እሷ ተናግራው አታውቅም። የት ላይ ቆም እንደሚል፣ የት ላይ ቅንድቡን እንደሚያነሣ ግን ሁሉም ትዝ አላት።

"የኛ ቤት አባት ሌባ ነበር" ብላ ጀመረች።

ውጭ ያሉት ወደ በሩ ተጠጉ።

"ይህ በር ያኔ ሁለት መቀርቀሪያ ነበረው። እሱ በሬ ሊሰርቅ በገደሉ ሲወጣ መሐል ላይ ተሰንጎ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሆነለትም። ጮኾ የራሱን ሌብነት ራሱ ነገረ። ሁለቱ አባቶች በጠፍር ጎትተው አወጡት። አበሉት። ጠግቦ ሲያበቃ በሩን አየና ሳቀ። 'ይህን በር እኔ በአንድ እጄ እከፍተው ነበር' አላቸው። 'ታዲያ ለምን በገደሉ መጣህ?' አሉት።  ከዚያ ሦስተኛውን መቀርቀሪያ ጠርቦ፣ እንዳይሰረቅ አድርጎ ሠራው፤ እሱም ጠባቂው ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የምትወስዷት የሌባ ልጅ ናት።"

"ልጅ ልንወስድ የመጣነውስ እኛ አይደለን?" አሉ አቶ ሞገስ። "ተገናኝተናል።"

ፍሬሕይወት ዋንዛውን ሳበች። ያለ ችግር ወጣ።

ከዚያ ሰገን ወይራውን ያዘች፤ ወጉን አማቷ ከውጭ ሆነው ተናገሩ። አያታቸው ከትግራይ ጨው በአምስት በቅሎ ጭነው ወደ ሐራ ገበያ ሲወርዱ ዝናብ መጣባቸው። ጨው ከዝናብ ጋር አይስማማምና እስኪያባራ አስጠልሉኝ ብለው ገቡ። "ይኸው" አሉ አቦይ ሃይለ፣ "እስካሁን አላባራም።"

"በቅሎ አልነበረም፤ ሦስት አህያ ነው የሰማነው" አሉ አባ አያሌው።

"አህያ ጨው አይሸከምም አልተባለም። ያንተን ወግ ተናገር።"

የአባ አያሌው ቅድመ አያት ደግሞ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የጠፋ በሬ ፈልገው ነው የመጡት። በሬውን አምባው ላይ ሲግጥ አገኙት፤ አልወርድም አላቸው፣ አብረውት ቀሩ።

"እንግዲያ ርስቱን ያቀናው በሬው ነው" አሉ አቦይ ሃይለ።

ሰገን ወይራውን ሳበች፤ እማማ ትርንጎ እየሳቁ ጽዱን ሳቡ። በሩ ተከፈተ፤ ዝናቡም፣ ሠርገኛውም፣ ማሲንቆውም አንድ ላይ ገቡ። አባ አያሌው ከፍሬሕይወት ፊት ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ዘጋሽብን እኮ።"

"እኔ አልዘጋሁም፣ አባ። መዝጋት የማንም ነው።"

ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ያን ቀን ዳሱ ሥር ጭቃው እስኪደርቅ ተጨፈረ። ዘውዱ ጫማውን ጥሎ በባዶ እግሩ ወረደበት፤ አቶ ሞገስ ጉልበታቸውን ረሱት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ህሊና የእናቷን ጉልበት ስማ ወጣች። ፍሬሕይወት እስከ በሩ ሸኘቻት፤ መኪናው ከምንጩ ተነሥቶ በመርሳ መንገድ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደርሰዋል። የአባ አያሌው ጉሮሮ በዘፈን ተዘግቶ፣ ሊያስሉ ቢሞክሩ እንኳ አልወጣላቸውም። ፍሬሕይወት እጇን ከዋንዛው ላይ አድርጋ ወደ እነሱ ዞረች።

"ነጋ ወይ?" አለች።

ሁለቱ ተያዩ። "ነግቷል" አሉ አብረው፤ አንዱ ጮክ ብለው፣ ሌላው በሹክሹክታ።

ሦስቱ መቀርቀሪያዎች ወጡ። ፍየሎቹ ተጋፍተው አለፉ። ፍሬሕይወት ቁልቋሉን ተከትላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በሩ ክፍት ነው። ህሊና ሐራ ናት። አስፋው የለም።