የውሰት አክታ

የአናጺው ሱቅ አንድ በርና አንድ መስኮት ነበረው። ንፋስ ሲገባ ባልደረቀ ቫርኒሽ ላይ አቧራ ይለጥፋል ብሎ መስኮቱን በጣውላ የቸነከረው አናጺው ራሱ ነው። ውስጥ የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ አናጺውና የሚስቱ ታናሽ ወንድም። አናጺው ማሳል ከጀመረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ቀበቶው ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል፤ ሌሊት በላብ የሚርሰው አንሶላ በየማለዳው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የምታሰጣው ሚስቱ ናትና ሌላው ሰው ባያውቅ እሷ ታውቃለች።

«ሰጋቱራ ነው» ይላል ባል።

«ሰጋቱራ ነው ሌሊት ላብ በላብ የሚያደርግህ?»

«በእኛ ዘር የሳንባ በሽታ የለም!»

«በእናንተ ዘርማ ሳንባውም የለም፤ የሚነፋችሁ ጉራ ነው።»

ቀልዷ ግን ፍርሃቷን አይሸፍንላትም። ወንድሟን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሙያ ይልመድ ብላ ለባሏ የሰጠችውም እሷ። ያ ልጅ በተቸነከረ መስኮት ስር ቀኑን ሙሉ የባሏን ሳል ሲተነፍስ ይውላል። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው፦ «ካልተመረመርክ ወንድሜን ከሱቅህ አወጣዋለሁ።»

ጤና ጣቢያው ክዳን ያላት ዕቃ ሰጠው፤ ጠዋት ከደረቱ ጥልቅ የወጣ አክታ እንዲያመጣ። በማግስቱ ዕቃዋን ይዞ ማልዶ ወደ ሱቁ ሄደ፣ ከዚያም ሞልቶ አስረከበ። ሚስቱ እንዲህ ያለ መታዘዝ አይታበት ስለማታውቅ ያን ቀን ስትመርቀው ዋለች።

የውጤቱ ዕለት አብራው ገባች። ነርሷ ወለል ብሎ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ቲቢ ተገኝቶብዎታል» አለች።

አናጺው ሳቀ። ሳል እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ። «አላልኩሽም? ይሄ እኮ የኔ አይደለም!»

«ታዲያ የማን ነው?» አለች ነርሷ።

አናጺው ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ ማገሩን የሚለካ ይመስል ነበር።

«የጤነኛ ሰው ነው» አለ። «ደረቱ በር የሚያህል ጎረምሳ። ሰሞኑን ጉንፋን ብጤ ይዞት...»

ሚስቱ ብድግ አለች። «የወንድሜን ነው ያመጣኸው?»

የባሏ ዓይን በራ። «አየሽ! ለካ ያስያዘኝ እሱ ነው!»

«ሦስት ወር ስትስል የከረምከው አንተ፣ ያስያዘህ ትናንት ጉንፋን የጀመረው ልጅ?» ወደ ነርሷ ዞረች። «እህቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማ ነበር። የራሱን ደብቆ የሰው ያመጣ ግን ምን ይባላል?»

«ስሙን እናንተው አውጡለት» አለች ነርሷ። «ነገ ጠዋት ሁለቱም ይምጡ። አክታውን እዚሁ ግቢ፣ እኔ እያየሁ ነው የሚሰጡት።»

ሱቅ ስትደርስ ወንድሟ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ነበር። የሆነውን ነገረችው።

«እትዬ፣ ጋሼ እኮ “ያንተ ደረት ንጹሕ ነው፣ ዘመድ ለዘመድ ነው፣ እርዳኝ” ብሎኝ ነው» አለና አሳለው።

መዶሻውን አንስታ በመዶሻው ሹካ የመስኮቱን ጣውላ ትገነጥለው ጀመር። ባሏ ከኋላዋ እያለከለከ ደረሰ።

«ኧረ ቫርኒሹ! ቫርኒሹ አልደረቀም!»

«ቫርኒሽህ ሳንባ የለውም» አለች፤ የመጨረሻዋንም ምስማር ነቀለች።

በማግስቱ አናጺው የገዛ አክታውን ሰጠ። እንደ ወንድሟ እሱም ቲቢ ተገኘበት። ለሁለቱም የስድስት ወር መድኃኒት ተጀመረ። ወንድሟ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄደ ነርሷ ፊት ይውጣል። አናጺው ግን ሥራ አለብኝ ብሎ ክኒኑን ወደ ቤት ወስዶ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ቀለል ሲልለት «እኔ ብረት ነኝ» ማለት ጀመረ። የዘለላቸውን ክኒኖች ሚስቱ ከማጣበቂያ ቆርቆሮው ስር አገኘቻቸው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሁለቱም ድጋሚ ተመረመሩ። ወንድሟ አራት ኪሎ ጨምሯል፤ አክታውም ከተሕዋሲው ነጻ ነው። የባሏ ነጻ አልሆነም።